ፍሪጁን ማን ይውሰድ?

ሽበት ጣጣ አለው። ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ሰፈሩ ከእኔ የሚፈልገው ድንኳን ማቆምና የእድር ወንበር መቁጠር ብቻ ነበር። ከጆሮዬ በላይ ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር ስልኬ ዕረፍት አጣ። «ጋሼ፣ ከጎረቤት ጋር አጥር ተጋፍተን ነው፤ ብቅ ቢሉልን»፣ «ጋሼ፣ ልጁ አልሰማ ብሎኝ ነው፤ ቢመክሩልኝ»። ጥበብ ከጸጉር ሥር ትበቅላለች ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ ባውቅ ይግባኝ እልበት ነበር።

የዚህ ወግ መነሻም እንዲያው ያለ ስልክ ነው። የደወለልኝ ወዳጄ ዕድሜው ከእኔ በብዙ ያንሳል። አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል፤ ሲያገባም ሰማንያው ላይ በእሱ በኩል ምስክር ሆኜ ፈርሜያለሁ።

«ጋሼ፣ ልንለያይ ነው» አለኝ፤ ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ።

የምለው ጠፍቶኝ «ልጆቹስ?» አልኩት።

«ልጆቹ ደህና ናቸው። ያስቸገረን ዕቃው ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ልርዳህ?»

«ሰማንያው ላይ የፈረሙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ባንክ ያበደረው ሰው ሲጠፋበት ዋሱን እንደሚፈልገው፣ ትዳር ሲፈርስም ምስክሩ ይፈለጋል ለካ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ የሚስት አጎትና በጎረቤትነት የተጠሩ አንዲት እትዬ። አጎትየው ዕድሜ ልካቸውን ጋራዥ የሠሩ መካኒክ ናቸው፤ እትዬ ደግሞ የእድሩ ገንዘብ ያዥ። ዳቦ ተቆርሷል፤ ቡና ቀርቧል። ሊፋቱ የቆረጡት ባልና ሚስት እየተጋገዙ ያስተናግዱናል። እሷ ስኒ ስታቀርብ እሱ ረከቦቱን ያነሳላታል። ለማያውቃቸው ሰው ሽማግሌ የጠሩት ሊጋቡ ይመስለው ነበር።

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «በሉ እንግዲህ፣ ምክንያታችሁን አስረዱን» አሉ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ዝም።

«እኔ ምክንያቱን ሳልሰማ አላፋታም!»

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት ማለት ይኖርብኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን የባልና የሚስትን ፍቺ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽማግሌ ያን ጊዜ አስታራቂ ብቻ አልነበረም፤ ወሳኝም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 የሚባለው፣ ፍቺን የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠው። ይህ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው የመረጡ እንደሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። በእኛ ከተማ ግን ሽማግሌ ለማስታረቅ ይሞክራል እንጂ አያፋታም። ከዚህም በላይ፣ ባልና ሚስቱ በስምምነት የሚፋቱ ከሆነ ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም። አጎትየው ግን በልባቸው ገና 1952 ላይ ነበሩ።

ይህንኑ በትሕትና ብነግራቸው «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ ተሰበሰብን?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

ማስታረቁ ብዙ አልፈጀም። እትዬ ሁለቱንም ተራ በተራ ጓዳ አስገብተው አነጋገሩና ወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «አልቋል» አሉ። «የተጣላ ይታረቃል፤ እነዚህ ግን የተጣሉ አይደሉም፤ ጨርሰዋል። በሰላም ይለያዩ።»

ሚስት ደብተር አወጣች። የልጇ የሒሳብ ደብተር ነው፤ በፊቱ በኩል ማባዛት፣ በጀርባው በኩል የቤት ዕቃ። ሶፋ፣ ብፌ፣ አልጋ ከነፍራሹ፣ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሲሊንደር፣ የውኃ ሮቶ፣ መጋረጃ፣ ፍሪጅ። ሕጉ በዚህ በኩል ግልጽ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረና በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው፤ በትዳር ዘመን የተለፋበት የጋራ ነው፤ የጋራው እኩል ይካፈላል። አንድ ዕቃ የግሌ ነው የሚል ያስረዳ፤ ካላስረዳ የጋራ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ቤቱ የኪራይ መሆኑ እኔን ከመከራ አዳነኝ። ኮንዶሚኒየም ቢኖራቸው ኖሮ ይህን ወግ የምጽፈው ከዚያው ሳሎን ሆኜ ነበር።

ሁሉም ደህና ሄደ፤ ፍሪጁ እስኪደርስ። እሷ ከጋብቻ በፊት በእቁብ ብሯ የገዛችው ነው። ይህን ባልም አልካደም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በፊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተሩ ተቃጥሎ፣ አዲስ ሞተር በደመወዙ ያስገባው እሱ ነው። «ያለ ሞተር ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው» አለ። እሷም «ያለ ፍሪጅ ሞተር ምንህ ነው?» አለችው።

በደመወዝ የተገዛ ነገር የጋራ እንጂ የባል ብቻ አይደለም ልል አፌን ስከፍት አጎትየው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ዓይናቸው በርቷል። የቤተሰብ ሕግ ባያውቁ ሞተር ያውቃሉ። «ካቻቢቴ አለ?» አሉ።

ባል ሄዶ አመጣላቸው!

ፍሪጁን ከግድግዳው ለማላቀቅ ሦስት ሆነን ተያያዝነው። ከኋላው የጠፉ ብይዎች፣ የሕፃን አንድ እግር ካልሲና አቧራ የለበሰ የቀበሌ መታወቂያ ተገኘ። መታወቂያው የባል ነበር። «ይኸው፣ እኔ ደበቅሽው ስትለኝ የነበረው!» አለች ሚስት። እሱ ሊመልስላት ዞር ሲል የያዘውን ጫፍ ለቀቀው፤ ፍሪጁም ቀኝ እግሬ ላይ አረፈ። የአውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ጥምቀት ድረስ ጥቁር ነበር። የሰማንያ ምስክርነት ከዚህ በላይ ምን ያስከፍላል?

እኔ ጫማዬን አውልቄ ጣቴን ስዳብስ ትልቁ ልጅ ከውጭ ገባ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ማሙሽ እንበለው። ደብተሩን እናቱ ጭን ላይ አየና ተጠግቶ ማንበብ ጀመረ። «ምጣዱ የእማዬ ነው፤ አያቴ ናት ከደሴ የላከችላት» አለ። ማንም አልጠየቀውም። «ቴሌቪዥኑን አባዬ ነው የገዛው፤ ለገና፤ በቦነሱ።»

«ጎበዝ!» አሉ አጎትየው። «ና እስቲ፤ ሶፋውስ?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት የእናቱን ፊት ያያል፤ ከዚያ የአባቱን። ሶፋውን ለእናቱ ሲሰጥ የአባቱ ግንባር ተቋጠረ፤ ስለዚህ ብፌውን ለአባቱ ሰጠ። የእናቱ ከንፈር ሲገጥም ደግሞ አልጋውን ለእናቱ። ማን እንደገዛው መናገሩ ቀርቶ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ማደል ጀመረ። ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፤ እንዳይበላለጥባቸው።

እትዬ ሃምሳ ብር ከቦርሳቸው አውጥተው «ማሙሽ፣ ሂድ ስኳር ግዛልኝ» አሉት። ስኳር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ልጁ እንደወጣ ሦስታችንንም ወንዶች ገረመሙን። «ይህን ልጅ ሁለተኛ ብትጠይቁት ተነሥቼ እሄዳለሁ። እድሩም ነገ ይሰማዋል።»

ፍሪጁ ከነሞተሩ ለእሷ ሆነ። ቴሌቪዥኑን እሱ ወሰደ። ካቻቢቴውን አጎትየው ይዘውት ሄዱ።

ስምምነቱን ለማጻፍ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወዳለ አንድ አቤቱታ ጸሐፊ ሄድን። ኮምፒውተሩን በላስቲክ ዳስ ሥር ዘርግቶ፣ ማተሚያውን በርጩማ ላይ አስቀምጦ የሚሠራ ፈጣን ልጅ ነው። የዕቃው ዝርዝር ገጽ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ፍሪጁ ብቻውን ከነቀለሙና ከነስሪቱ አራት መስመር ፈጀ። ልጆቹ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ፤ ከሌላ ሰው ፋይል የተዘጋጀች አንቀጽ ቀድቶ ለጠፈ። ሕፃናቱ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፣ አባት በሳምንት አንድ ቀን ይጎበኛል ትላለች። ነጥብ።

«የትኛው ቀን? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ሲታመሙስ? በዓል ሲሆንስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ ከገባ ገጽ ይበዛል» አለኝ። «ሒሳቡም ይጨምራል።»

ባልና ሚስቱም ከጸሐፊው ጋር ተባበሩብኝ፤ «እሱን እኛው እንግባባበታለን» አሉ። መግባባት ቢችሉ ኖሮ እኔ እዚያ ምን እሠራ ነበር?

ችሎቱ ፊት የቀረቡ ዕለት መዝገብ ቤቱ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ደረጃውን ሞልቶ እስከ ታች ወርዶ ነበር። ዳኛዋ ሁለቱን አንድ ላይም፣ ለየብቻም አነጋገሯቸው፤ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ መከሩ፤ የማሰላሰያ ጊዜም ሰጧቸው። ሕጉ እስከ ሦስት ወር ይፈቅዳል። በቀጠሮው ተመልሰው «ያው ነን» አሉ። ዳኛዋ ስምምነቱን አገላበጡ። የፍሪጁን አራት መስመር ዘለሉት። የሶፋውንም። የልጆቹ አንቀጽ ላይ ቆሙ።

«ቀለቡስ?»

ዝም።

«ትምህርት ቤት ይከፍላሉ? ማነው የሚከፍለው? ደመወዝዎ ስንት ነው? እሷስ? ትንሿ ስንት ዓመቷ ነው?»

ከዚያ በፊት ስንት ሰዓት ስንነታረክ እነዚህን ጥያቄዎች ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ዳኛው ፍቺ ሲወስን የልጆቹን አስተዳደግ፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ፣ ወላጅና ልጅ የሚገናኙበትንም መንገድ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ነው። ባልና ሚስት በስምምነት ቢቀርቡ እንኳ ስምምነቱ ልጆቹን በበቂ የማይጠብቅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ማስተካከል ይችላል። ዳኛዋ ቀለቡን በዚያው ቀን አስቆረጡ፤ የጉብኝቱንም ቀን እሑድ ብለው ሞሉት። ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ወረፋው እስከ ደረጃው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ያገኘሁት አንድ የማውቀው ጠበቃ የነገረኝን እዚሁ ላስገባው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ክርክር ዳኝቷል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድግ ቆይታ አባት «ልጄ ነው፤ ይሰጠኝ» ብሎ መጣ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን መቅደም ያለበት የልጁ ጥቅም ነው፣ አባት መሆን ብቻውን አይበቃም ብሎ ልጁ አክስቱ ጋ እንዲቆይ ወሰነ። መሠረቱ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትና የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው። የሰበር የሕግ ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ጠበቃው ይህን ሲነግረኝ የማሙሽ ጣት ትዝ አለኝ። ሰበር እንዲያ ይበል እንጂ ሳሎን ውስጥ የሰበርን ትርጉም የሚያስፈጽም የለም።

ወደ እሑዱ ልመለስ።

እሷ ጀሞ ቀረች፤ እሱ ኮተቤ ተከራየ። ፊት ለፊት መተያየት ስላልፈለጉ በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ተፈለገ። እኔ የምኖረው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። «ልጆቹን እርስዎ ጋ ላድርሳቸው፤ እሱ ከእርስዎ ይውሰድ» አለች። እሱም ያንኑ አለ። ከተጋቡ ጀምሮ ያለ ሽማግሌ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሳሎኔ የርክክብ ቦታ ሆነ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «የሰው ልጅ ስታረካክብ የገዛ ልጅህ ሲደውል አታነሳም» ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

ርክክቡ በሰነድ ነበር። እናት ቦርሳውን ከነዝርዝሩ ትልካለች፤ ሹራብ 1፣ ካልሲ 2 ጥንድ፣ የውኃ ኮዳ 1። እኔ ፈርሜ እረከባለሁ፤ ማታ ደግሞ አስፈርሜ አስረክባለሁ። አንድ እሑድ ሹራቡ ሳይመለስ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ በሹራብ ጉዳይ ስልክ አነሳሁ። ኋላ ቢገኝ ማሙሽ አባቱ ቤት ትራስ ሥር ደብቆታል። «እዚያም ልብስ ይኑረኝ ብዬ ነው» አለኝ።

ሰዓቱም ሌላ ጦርነት ነው። አባት «ቀን ማለት ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ይሰጡኝ» ይላል። እናት «ቀን የሚጀምረው ከቅዳሴ መልስ ነው» ትላለች። ሁለቱም ወረቀቱን ያነባሉ፤ ወረቀቱ ደግሞ ዝም ይላል። ጸሐፊው የቆጠበልን ገጽ ይኸው።

የባሰው የመጣው በኅዳር፣ የታላቁ ሩጫ እሑድ ነው። በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ያለው መንገድ ተዘግቷል። እናት በማለዳ አድርሳቸው ወደ ጀሞ ተመለሰች። አባት መገናኛ ላይ ቆሞ «ታክሲ የለም» እያለ ይደውላል። ትንሿ፣ ሚጡ፣ ሶፋዬ ላይ ተጋድማ ቁርስ እምቢ አለች። ግንባሯን ብነካው እሳት ነው። ባለቤቴ «ምን ትጠብቃለህ?» ስትለኝ ልጅቷን ታቅፌ፣ ማሙሽን አስከትዬ ከቤቴ ፈንጠር ብሎ ወዳለ ክሊኒክ ሮጥኩ።

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «ለሕፃኗ ምኗ ነዎት?» አለችኝ።

«ሽማግሌ» አልኳት።

«አያት ማለትዎ ነው?»

«አይደለም፤ የወላጆቿ የፍቺ ሽማግሌ ነኝ።»

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። ቅጹ ላይ ለእንዲህ ያለ ዝምድና ቦታ የለም። «አያት» ብላ ጻፈች። ከዚያ «መርፌ ካስፈለጋት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሳዳጊዋ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትዳሩ ሳለ አባትና እናት በጋራ ሞግዚት ናቸው፤ ከፍቺ በኋላ ግን በስምምነት ወይም በፍርድ ቤት የሚለይ ነገር ነው። እኔ ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት የፍሪጁን ቀለም ይናገራል እንጂ ይህን አይናገርም።

ሁለቱም ጋ ደወልኩ። እናት ከጀሞ በራይድ ዙሪያውን ዞራ ደረሰች። አባት ከመገናኛ ጀምሮ በእግሩ፣ ቲሸርት በለበሰው ሕዝብ መካከል እየተሹለከለከ መጣ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ በረኛው ውድድሩን የጨረሰ መስሎት «እንኳን ደስ ያለዎት» አለው። ከተፋቱ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር ሲቆሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

«ባለፈው እሑድ አይስክሬም አብልተሃት ነው!»

«ያለ ሹራብ ልከሻት ነው!»

ሐኪሟ ወጥታ «ቶንሲል ነው» አለች። «የማንም ጥፋት አይደለም። ሽሮፕ ይገዛላት።»

ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ላይ ያየሁትን ደግሞ ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ሁለቱም ካልከፈልን ብለው ተጋፉ። በሕይወቴ ለሕክምና ለመክፈል ሲሻሙ ያየኋቸው እነሱን ብቻ ነው። ልቤ ራርቶ «አዩ፣ አሁንም ይተዛዘናሉ» ልላቸው ወደ እትዬ ልደውል ስል ባል «ደረሰኙ በእኔ ስም ይሁን» አለ። ሚስትም «አይሆንም፤ በእኔ ስም!» አለች። ለካ ሽሚያው ለደረሰኙ ነው፤ ለችሎት ማስረጃ። ሁለቱም ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ደረሰኝ እንደሚያጠራቅሙ በኋላ ሰማሁ።

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እሱ «ልጆቼን በሰዓቱ ካላገኘሁ ከዚህ ወር ጀምሮ ቀለብ አልከፍልም» አለ። እሷም «ካልከፈልክ አታያቸውም» አለችው። ይህን ቃል በየችሎቱ ኮሪደር ሰምቼዋለሁ፤ ባልና ሚስቱ ይለያያሉ እንጂ ቃሉ አይለይም። ሕጉ ግን አንዱን ለሌላው መያዣ አላደረገውም። ቀለብ የልጁ ነው፤ መጠኑ በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም የሚመዘን ነው እንጂ ለሁሉም የተቆረጠ ተመን የለውም። ያልከፈለ እንደሆነ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈትበታል፤ ደመወዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ እንዲያስገባ ሊታዘዝ ይችላል። መተያየትም ቢሆን የወላጅ ብቻ ሳይሆን የልጁም መብት ነው። እናት አባቱን ስትቀጣ የምትነጥቀው የልጁን ነው፤ አባትም ቀለቡን ሲይዝ የሚያስርበው እናቲቱን አይደለም። ሰማንያ ሳይኖራቸው የወለዱትም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም፤ ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ መብት ከሌላው እኩል አድርጎታል።

ይህን ሁሉ የነገርኳቸው በቁጣ ነው። ጣቴም ገና ይጠዘጥዘኝ ነበር። ከማሙሽ ቦርሳ ደብተር አወጣሁና መካከላቸው ተቀመጥኩ። ሚጡ እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች፤ ማሙሽ ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ሥዕል ያነባል። «ጻፉ» አልኳቸው።

የትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። መንገድ ቢዘጋ ማን ይደውላል። የት ይረካከባሉ። ሲታመሙ የትኛው ክሊኒክ፣ ማን ይፈርማል፣ ማን ይከፍላል። የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ። ገና ከማን ጋር፣ ፋሲካ ከማን ጋር፤ በሚቀጥለው ዓመት ይቀያየር ወይስ አይቀያየር። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ማን ይሄዳል። በሳምንቱ መካከል በስልክ ማውራት። አንዱ ውጭ አገር ልሂድ ቢል፣ ልጆቹን ልውሰድ ቢልስ? እዚህ ላይ ሁለቱም ብዕሩን ለቀቁት፤ ብዙ ቆዩበት። ሁለቱም ይህን ፍርሃት ይዘው ነበር ለካ፤ እሷ የዱባይ ሥራ አስባለች፣ እሱ አሜሪካ እህት አለችው። ከሌላው የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ልጆቹ ከአገር አይወጡም ብለው ጻፉ። ለፍሪጁ የተሰጠውን ያህል ቦታ ለልጆቹ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወረቀቱን ጠበቃው አስተካክሎት ለዚያው ችሎት አቀረቡት። ልጆችን የሚመለከት ውሳኔ ሁኔታው ሲለወጥ በአመልካች ጥያቄ እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ አንዴ የተፈረደ ለዘላለም የተፈረደ ይመስለዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 መሠረት ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል መንገድ አለ። ተከራካሪዎቹ ከክርክሩ በፊት ከአስማሚ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። እኔ በቶንሲል ሰበብ በአግዳሚ ወንበር ላይ የሠራሁትን እዚያ በወጉ፣ በጠረጴዛ ይሠሩታል። ቀደም ብዬ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ጥፍሬ ይተርፍ ነበር።

አሁን ርክክቡ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። አባት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ይወስዳቸዋል፤ እሑድ ከምሳ በኋላ ለአያታቸው ያስረክባል። ማሙሽ ሁለቱም ቤት ሹራብ አለው። ባልና ሚስቱ ዛሬም አይዋደዱም፤ መዋደድ ደግሞ የስምምነቱ አንቀጽ አይደለም። እኔን የሚያውቁኝ ለዓመት በዓል ሲደውሉ ብቻ ነው።

ሽበቴ ግን አልጠቆረምና ስልኩ መጮሁን አልተወም። ባለፈው ሰሞንም አንድ ዘመዴ «ልንለያይ ነው፤ ሽማግሌ ሁኑን» ብሎ ደወለልኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፦ የምትፈልጉኝ ከሆነ እመጣለሁ፤ ቡና ከተፈላማ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከመምጣቴ በፊት የልጆቹን ገጽ ጽፋችሁ ጠብቁኝ፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት። ልጆቹንም በዚያ ሰዓት አያታቸው ጋ ላኩልኝ። ፍሪጅ የሚገፋ ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጉ።